አንድ ለአንድ፦ የብርና የናቅፋ ምንዛሪ



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የገንዘብ ኖቶች ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ ከገበያ የወጣው የድሮው የኢትዮጵያ 50 ብር ነው። ሌላው የኤርትራ 100 ናቅፋ ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁ አይታይምና ልንገራችሁ፤ በሁለቱም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ። አንዱ ከመረብ ወንዝ ወዲህ ያርሳል፣ ሌላው ከመረብ ወዲያ። ገበሬዎቹን ከወረቀቱ አውጥታችሁ ቦታ ብታለዋውጧቸው በሬዎቹም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ዛሬ የምናገረው ስለነዚህ ሁለት ወረቀቶች ምንዛሪ ነው። አንድ ናቅፋ ስንት ብር ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ሁለት መንግሥታት ግን በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመልሱ መስማማት አቃታቸው፤ ስድስት ወር ቆይቶ ድንበሩ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ያመጣው የገንዘቡ ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም፤ የባድመ ጉዳይ፣ የወሰን ጉዳይ፣ ያኔ አገሮቹን የሚገዙት የሁለቱ የትግል ድርጅቶች የበረሃ ቂም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ነገር ግን ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት በመካከላቸው የነበረው ንግድ ቆሞ ነበር፤ ንግዱን ያቆመው ደግሞ ይህ የልጅ ጥያቄ ነው።

ምንዛሪ ሲባል ሁላችንም የምናየው ቁጥሩን ነው፤ ዛሬ ስንት ገባ፣ ትናንት ስንት ነበር እያልን። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ነገር ስከታተል አንድ የማልለቀው ጥያቄ አለኝ፦ ገበያው ተበትኖ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ፣ በእጁ የተረፈውን የጎረቤት ገንዘብ ማን ይረከበዋል? የሁለት አገር ምንዛሪ ጸንቶ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሩቅ ልነሳ። አያቶቻችን አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ይገበያዩበት ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ዓመት የሚጻፍበት የብር ገንዘብ ነው። አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ ተፈልፍሎ በግመል፣ ደጋ ሲደርስ ደግሞ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ይጓዛል። ጨው ሜዳው አጠገብ በአንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ይገኛል። ወደ ትግራይ ደጋ ሲወጣ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ወደ ጎንደርና ጎጃም ሲዘልቅ እንደገና ይቀንሳል፣ ከዓባይ ማዶ ያለ ሰው ለጠገራው የሚያገኘው ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው። ምንዛሪውን የሚያወጣው መንገዱ ነበር። የቀረጡ ኬላ፣ የሽፍታው ሥጋት፣ የክረምቱ ወንዝ ሙላት ሁሉ ተደምሮ በአሞሌው ዋጋ ውስጥ ይገባል። ያኔ የኔ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነበር። የተረፈው አሞሌ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የተረፈው ጠገራ ቀልጦ ለሙሽራ ድሪ ይሆናል። ሁለቱም በራሳቸው የሚረቡ ነገሮች ስለነበሩ ዋስ የሚሆንላቸው መንግሥት አላስፈለጋቸውም።

ወረቀት ግን እንደዚያ አይደለም። ወረቀት ገንዘብ ያወጣው ባንክ የገባው ቃል ነው። ቃሉን የሰጠው ባንክ «የእኔ ነው» ካላለ ለእሳት መለኮሻ ካልሆነ በቀር ለምንም አይበጅም።

በመረብ ግራና ቀኝ የወረቀት ምንዛሪ መጀመሪያ የታየው በ1990 ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ በኤርትራም በኢትዮጵያም የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራበት ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ኢትዮጵያ የራሷን አዲስ ብር አወጣች። አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ኤርትራ ያኔ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ስለነበረች እዚያ ሽልንጉ ቀጠለ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1942፣ ለንደን ላይ ፓውንድ ስተርሊንግ ከ4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ80 ወረደ፤ ከፓውንዱ ጋር የታሰረው ሽልንግም አብሮ ወረደ። የኛ ብር ዶላሩ በ2.48 እንደሆነ ባለበት ቆመ። በሒሳብ ስናየው በአንድ ሌሊት አንድ ብር ከሁለት ሽልንግ ወደ ሦስት ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። የዓዲ ቋላው ነጋዴ ከዓድዋ ማር የሚገዛበት ዋጋ ለንደን ላይ ተለወጠ ማለት ነው፤ እሱን የጠየቀው የለም። ያም ሆኖ ሰው አልተጣላም። ሽልንግ የተረፈው ሽልንጉን የሚቀበለው ባንክ ነበረው፤ ብር የተረፈው እንዲሁ። ዋጋው ቢናወጥም ወረቀቱ ባለቤት ነበረው።

በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲመጣ ብር ሽልንጉን ተካ። ከዚያ በኋላ ለአርባ አምስት ዓመት አስመራና አዲስ አበባ በአንድ ገንዘብ ተገበያዩ። ዶላሩ በ2 ብር ከ50 ሲመነዘር በሁለቱም ከተማ ያው ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲሆንም ያው። ደርግ የንጉሡን መልክ አውጥቶ በ1969 አዲስ ኖት ሲያሳትም አስመራም ለውጣለች። አንድ ለአንድ የሚለው ልማድ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሰው አንድ ለአንድ ነው ብሎ አያስብም ነበር፤ «ሁለት» የሚባል ነገር ስለሌለ።

ግንቦት 1983 መጣ። በ16 የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር አስመራ ገባ፣ በ20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፣ ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ ገንዘቧ ግን ብር ሆኖ ቀጠለ። እስከ 1990 ድረስ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት ማዕከላዊ ባንክ፣ አንድ ገንዘብ።

ይህን ጊዜ ብዙ ሰው የፍቅር ዘመን አድርጎ ያስታውሰዋል። እኔም ያኔ አስመራን ያየኋት በደስታ ነው። ግን የገንዘቡ ጉዳይ ከውስጥ እየቆሰለ ነበር። አስመራ ሆነህ አስበው፤ በኪስህ ያለውን ገንዘብ የሚያሳትመው ሌላ አገር ነው። በመስከረም 1985 ብር ከ2.07 ወደ 5 ሲወርድ ውሳኔው የአዲስ አበባ ነበር። ወለዱ ሲጨምር፣ ሲቀንስ፣ ስንት ይታተም ሲባል የአስመራ ድምፅ የለበትም። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ሆነህ አስበው፤ ያሳተምከው ብር የማትቆጣጠረው ባንክ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ እህልህንና ቡናህን ይገዛል፣ በብርህ የተገዛው ዶላር ደግሞ ሌላ ግምጃ ቤት ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዘንድ ይህ ምሬት በግልጽ ይነገር ነበር። ሁለቱም ምሬት እውነት አለው። ሁለቱም የመጣው ደግሞ ከአንድ ጉድለት ነው፤ ስንለያይ ገንዘቡን እንዴት እንደምንለያይ ቁጭ ብሎ በዝርዝር ያወራረደ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ናቅፋው ጥቂት ልቆይ፤ ገንዘብ ከቁጥር በላይ መሆኑን ስለሚያሳይ።

ናቅፋ የሳህል ተራራ ከተማ ስም ነው። የኤርትራ ተዋጊዎች ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ይዘው ያልለቀቋት፣ በ1974 በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር ደጋግሞ ወጥቶባት ያልያዛት ምሽግ ናት። ኤርትራ ገንዘቧን በዚህች ከተማ ስም ጠራች። ለኤርትራዊ እናት ስሙ የልጇ ክብር ነው። ለወሎዋ ወይም ለሸዋዋ እናት ደግሞ ልጇ ሄዶ የቀረበት ተራራ ነው። አንድ ገንዘብ ስሙ ሲጠራ በወንዙ በዚህኛው ወገን ለቅሶ፣ በዚያኛው እልልታ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ እንደ ዶላር ወይም እንደ ሽልንግ በቀዝቃዛ ዓይን ሊታይ አይችልም። እያንዳንዱ አገር ገንዘቡን የወደደውን የመሰየም መብት አለው። እኔ የምለው ስሜቱ ገና ከመነሻው ሒሳቡ ውስጥ ነበረ ነው።

ኖቶቹን የነደፈው ክላረንስ ሆልበርት የሚባል በአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት የሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ኅትመቱ ጀርመን አገር ነው የተከናወነው። ንጉሥ የለበትም፣ ፕሬዚዳንት የለበትም፤ የልጆች፣ የሴቶች፣ የገበሬዎች መልክ ነው ያለበት። በ10 ናቅፋው ጀርባ ባቡር ድልድይ ሲሻገር ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ላይ የተጻፈው ቀን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 24 ግንቦት 1997 ነው፤ የነጻነት በዓላቸው ቀን። እኔ በሥራዬ ብዙ አገር ገንዘብ አይቻለሁ፤ ይህ በእውነት ያማረ ገንዘብ ነው።

በጥቅምት 1990 መጨረሻ ናቅፋው ወጣ። በኤርትራ የነበረ ብር ሁሉ በናቅፋ ተለወጠ፤ አንድ ለአንድ። ያኔ ዶላሩ ወደ 7 ብር ገደማ ነበር።

የኤርትራ መንግሥት ያቀረበው ሐሳብ ሁለቱ ገንዘቦች በሁለቱም አገር እኩል ዋጋ ይዘው ይሥሩ የሚል ነበር። ነጋዴው በመቀሌም በአስመራም በፈለገው ይክፈል። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። በዚያው ሰሞን የራሷን ኖቶች ለወጠች፤ ይህ የያዝኩት ባለ በሬው 50 ብር የዚያ ለውጥ ልጅ ነው። አሮጌው ብር የመለወጫ ጊዜ ገደብ ተቆረጠለት። ከኤርትራ ጋር የሚደረግ ንግድ ደግሞ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ንግድ በዶላር፣ በኤልሲ ይሁን ተባለ። የድንበር ነዋሪዎች እስከ 2,000 ብር ለሚደርስ ግብይት ብቻ ከኤልሲው ነጻ ተደረጉ።

እዚህ ውሳኔ ውስጥ የኔን ጥያቄ ፈልጉት። ኤርትራ ውስጥ ከሕዝቡ የተሰበሰበው አሮጌ ብር የማን ዕዳ ነው? ብሔራዊ ባንካችን ያወጣው ነው፤ «ይህን ለያዘው ሰው እከፍላለሁ» የተባለበት ቃል ነው። ከሌላ አገር ካዝና ውስጥ ቢገኝም ቃል ቃል ነው የሚል ተከራካሪ አለ። ሌላው ደግሞ ያ ብር በነዚያ ሰባት ዓመታት የኢትዮጵያን ዕቃ ሲገዛበት ኖሯል፣ አሁን በዶላር መልሱልን ማለት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው ይላል። ጉዳዩ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ከተነሱት የክርክር ነጥቦች አንዱ ሆኖ ሳለ ጦርነቱ ደረሰበት።

ኤልሲ ምን እንደሆነ አስመጪና ላኪ የሆናችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ገዢው ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ ባንኩ ለሻጩ ባንክ «ዕቃው መጫኑን የሚያሳይ ሰነድ ይምጣልኝ፣ በዶላር እከፍላለሁ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮፎርማ አለ፣ የመጫኛ ሰነድ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የባንክ ኮሚሽን አለ። ወደ ሃምቡርግ ለሚሄድ አንድ መርከብ ቡና ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። አሁን ደግሞ የድንበር ከተማዋን ዛላምበሳን አስቡ። ከዛላምበሳ በኤርትራ በኩል እስካለችው ሰንዓፈ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። በአንደኛው ከተማ የተዳረች ልጅ እናቷ በሌላኛው ናት። ሁለት አህያ ጤፍ የምታሻግረው ሴት ከ2,000 ብሩ በታች ስለሆነች አለፈች። አይሱዙ ሙሉ ጤፍ ጭኖ አስመራ አድርሶ፣ ጨውና ጫማ ይዞ የሚመለሰው ነጋዴ ግን ቆመ። ዶላር የለውም፤ ገዢውም ዶላር የለውም። ሁለቱም በሕይወታቸው ዶላር ሳይነኩ ሲነግዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አስመራ ላይ እህል ተወደደ፤ ኢትዮጵያ የኤርትራ ዕቃ ትልቋ ገዢ ስለነበረች እዚያ ያሉት ፋብሪካዎችም ገበያቸው ጠበበ። የአሞሌውን ነገር አስታውሱ፤ ምንዛሪውን የሚያወጣው መንገዱ ነው ብያችሁ ነበር። በ1990 ከዛላምበሳ እስከ ሰንዓፈ ያለው መንገድ አንድ ክንድ ሳይጨምር እንደ ሃምቡርግ ራቀ።

ታዲያ ማን ትክክል ነበር? ይህን ጥያቄ በየመድረኩ እጠየቃለሁ፤ ሳልሸሽ እመልሳለሁ።

አንድ ለአንድ እንዲሁ በቃል አይቆምም። የኢትዮጵያ ባንክ ናቅፋን እንደ ብር ቆጥሮ ቢቀበል፣ አስመራ ብዙ ባሳተመች ቁጥር መቀሌ ላይ ዕቃ ይወጣል፤ የሚተርፈው ወረቀት ነው። የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ይህን ፈርተው ከሆነ ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ግን ከዚህ እስከ ዶላር ኤልሲ ድረስ መሐል ላይ ሰፊ ሜዳ አለ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የቆመ አለመኖሩ ነው የሚያንገበግበኝ። ናሚቢያን ተመልከቱ። ከደቡብ አፍሪካ አገዛዝ የወጣችው በደም ነው፤ የኛው ዓይነት ታሪክ ነው። በ1986 ዓ.ም. መግቢያ የራሷን የናሚቢያ ዶላር አወጣች፤ ከራንድ ጋር አንድ ለአንድ። ዛሬም አንድ ለአንድ ነው። እንዴት ቆመ? ናሚቢያ ለምታወጣው ገንዘብ መጠባበቂያ ትይዛለች፤ ያለ ልክ አታትምም። ራንድ ናሚቢያ ውስጥ ሕጋዊ መገበያያ ነው፣ የናሚቢያ ዶላር ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ የሚተርፈው ወረቀት ወዴት እንደሚመለስ ከመነሻው ይታወቃል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ገንዘቧ በጎረቤት አገር ሲሠራ የምታገኘውን ጥቅም በቀመር አስልታ ለናሚቢያ ካሳ ትከፍላለች። ሌሶቶና ኤስዋቲኒም (የቀድሞዋ ስዋዚላንድ) በዚህ ዓይነት ውል ውስጥ አሉ። በዚህ ውል ውስጥ እኩልነት የለም፤ ትልቁ ትልቅ ነው፣ ትንሹ ትንሽ ነው። የተጻፈ መልስ ግን አለው። አስመራ እኩልነቱን ጠየቀች፣ አዲስ አበባ ዶላሩን ጠየቀች፤ የሚተርፈውን ማን በምን ያህል ጊዜ ያወራርደው የሚለውን ጽፎ የተፈራረመ አልተገኘም። የሦስት ወር የማወራረጃ ሒሳብ ቢከፈት፣ ልዩነቱ ብቻ በዶላር ቢከፈል፣ የአይሱዙው ነጋዴ ባልቆመ ነበር።

ግንቦት 1990 ጦርነቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ምንዛሪ ማውራት ነውር ሆነ። ወደ አሰብ ይሄድ የነበረው ዕቃችን ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ስልኩ ተዘጋ፣ መንገዱ ፈንጂ ተቀበረበት። ሁለቱ ገንዘቦች ለሃያ ዓመት ሳይተያዩ አረጁ።

ሳይተያዩም ግን ምንዛሪ ነበራቸው፤ ብዙ ወጣት ተመራማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። የብርና የናቅፋን ታሪካዊ ምንዛሪ ፈልጋችሁ ሠንጠረዥ ብታገኙ፣ በየዓመቱ የተጻፈ ቁጥር ታያላችሁ። ያ ቁጥር ከገበያ የመጣ አይደለም። ብር በዶላር፣ ናቅፋ በዶላር ተወስዶ አንዱ ለሌላው የተካፈለበት ነው። ሁለት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ቁመት በሦስተኛ ሰው ትከሻ እንደመለካት ነው።

እስቲ አብረን እናካፍል። የኤርትራ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ናቅፋን በ15 ለዶላሩ ቆለፈው፤ ቁልፉ እስካሁን አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ያኔ ዶላር በኛ ባንክ 8 ብር ከ70 ገደማ ነበር። ስለዚህ አንድ ናቅፋ 58 ሳንቲም ብቻ ነበር። በነሐሴ 2002 ብሔራዊ ባንካችን ብርን ወደ 16.35 ሲያወርደው አንድ ናቅፋ ከብር በለጠ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ብር ወደ 26.90 ገደማ ሲወርድ አንድ ናቅፋ 1 ብር ከ80 ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዋዜማው ላይ 3 ብር ከ80 የነበረው ናቅፋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ6 ብር ከ60 አለፈ፤ ዶላሩ 100 ብርን ስለተሻገረ።

ይህን ሠንጠረዥ ያየ ሰው ናቅፋ ጠነከረ ሊል ይችላል። ስሕተት ነው። በመስመሩ ላይ የሚንቀሳቀሰው ብር ብቻ ነው። ከጂቡቲ ፍራንክ ጋር አነጻጽሩት። ፍራንኩ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በ177.72 ለዶላር እንደቆመ ነው። ያኔ አንድ ብር 86 ፍራንክ ያህል ይገዛ ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲገባ አንድ ብር ሁለት ፍራንክ እንኳ አልሞላም። መስመሮቹ መንታ ይመስላሉ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ የጂቡቲን ፍራንክ ባንክ ስትወስደው በዚያው በ177.72 ዶላር ይሰጥሃል፤ ለሚታተመው ፍራንክ የውጭ ምንዛሪ በሕግ ተቀምጦለታል። ናቅፋን ይዘህ ሂድና በ15 ዶላር ስጡኝ በል፤ የሚሰጥህ የለም። ስለዚህ የአስመራ ሰው ዶላር ሲፈልግ ወደ ጥቁር ገበያ ይሄድ ነበር፤ ዋጋው ከባንኩ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በኅዳር 2008 መንግሥቱ ኖቶቹን በስድስት ሳምንት ውስጥ አስለወጠ፣ ከባንክ የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብም በወር 5,000 ናቅፋ ላይ ወሰነው። ጥቁር ገበያው ላይ የዶላር ዋጋ ወረደ፤ የወረደው ግን ናቅፋ ከሰው እጅ ስለጠፋ ነው። ደመወዝህ ባንክ ተቀምጦ ማውጣት ካልቻልክ ገንዘብህ ጠነከረ አይባልም።

ከዚያ መስከረም 1 ቀን 2011 መጣ። የሁለቱን አገሮች ዕርቅ ተከትሎ በዘመን መለወጫ ዕለት ዛላምበሳ ተከፈተች። ያን ቀን በቴሌቪዥን ያላለቀሰ ሰው ካለ አላውቀውም። በማግስቱ ግን ለቅሶው ቆመና ገበያ ተጀመረ። አይሱዙዎቹ ሲሚንቶና ጤፍ ጭነው ወደ ሰንዓፈ፣ ወደ ዓዲ ቀይሕ፣ ወደ አስመራ ወጡ። ከዚያ ደግሞ ቤተሰብ ሙሉ ተሰብስቦ መቀሌና ዓዲግራት ለሸመታ ወረደ። አስመራ ላይ የእህልና የግንባታ ዕቃ ዋጋ ቀነሰ።

በምን ይገበያዩ ነበር? በብርም በናቅፋም። በሁለቱ ብሔራዊ ባንኮች መካከል በይፋ የተቆረጠ ምንዛሪ አልነበረም። ሰው በቃሉ ተስማማ። ጠዋት ከአስመራ ብዙ ሰው ከመጣ ናቅፋ ይረክሳል፤ ከሰዓት ብዙ አይሱዙ ከወጣ ይወደዳል። ከአሞሌው ዘመን ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ገበያ በዚያ መንገድ ላይ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ምሁራን ያልፈቱትን የሽንኩርት ነጋዴዎች በሦስት ቀን ፈቱት ብዬ በደስታ የጻፍኩት ማስታወሻ ቤቴ አለ። ዛሬ ሳነበው ችኩል እንደነበርኩ ይገባኛል። ነጋዴዎቹ ዋጋውን ፈትተውታል። የሚተርፈውን ማን ይረከባል የሚለውን መፍታት ግን በእነሱ አቅም አልነበረም፤ እሱ የባንኮቹ ሥራ ነው፣ ባንኮቹ ደግሞ አልመጡም።

በታኅሣሥ 2011 የዛላምበሳ መንገድ ያለ ፈቃድ አታልፉም ተባለበት። በሚያዝያ ሌሎቹ የድንበር ማለፊያዎች፣ የኡምሓጀርና የቡሬ መንገዶችም፣ ተዘጉ።

ይህን 100 ናቅፋ ያገኘሁት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ዓዲግራት ገበያ ላይ ነው። አንዲት በርበሬና ቅመም የሚሸጡ እናት ከጉልቻ አጠገብ ካስቀመጡት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ናቅፋ አወጡ። ለአንድ የአስመራ ደንበኛቸው በዱቤም በጥሬውም የሸጡበት ነው። ለመንገዱ መከፈት ብለው ነው ያቆዩት። «እናቴ፣ አንዱን ለመታሰቢያ ይሽጡልኝ፤ በስንት ልውሰደው?» አልኳቸው። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው በሬዎቹን አዩአቸው። እኔን አዩኝ።

«በስንት ልበልህ ልጄ?» አሉኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ አንተ ንገረኝ።»